ለተገደለ ሰው ብቻ የሚጨፈረው

ውድ ናያ፣ የእህቴ ልጅ፣

ከማኒላ የላክሽው ደብዳቤ ደረሰኝ። ፊደል የለየሁት ብቻዬን ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። የእንጨቱን ጭፈራ ስትጨርሺ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ እንዳጨበጨበልሽ የጻፍሽው ላይ ስደርስ ግን ማንበቤን አቆምኩ። እዚህ የሆነውን ገና አልሰማሽም ማለት ነው።

አያ ፑጎንግ ሞተዋል። የገደላቸው ልጄ ዱምያ ነው።

ወደ ተራራው የሩዝ እርከናችን የመጣሽ ሰሞን ጭፈራ ያስተማሩሽ እሳቸው ነበሩ። «የማኒላ ዳክዬ! ሲሚንቶ ላይ ነው እንዴ ያደግሽው? ጭቃው አይነክስሽም፣ ርገጪው!» ሲሉሽ ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። አንቺም «አያቴ፣ እርስዎ ግን ያለ ጥርስም ይናከሳሉ» አልሻቸው። የእናትሽን አገር በእግርሽ ስታገኚው እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር።

የእንጨቱን ጭፈራ ስትጠይቂያቸው ግን ሳቃቸው ጠፋ። «እሱን ተዪው። ሰው በሰው እጅ ካልሞተ አይጨፈርም። የሟቹን ነፍስ ቀስቅሶ ገዳዩ ላይ የሚሰድ ነው።»

ወደ እኔ መጣሽ። «አክስቴ፣ ሽማግሌዎቹ ካለፉ ማን ያሳየናል? የሚጨፈርለት አንድ ሰው ብቻ ስጪኝ።»

ባሌን ሰጠሁሽ። እውነቱን የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ሚስቱ ከፈቀደች ብለው እሺ አሉ።

ባሌ በመስኖ ውሃ ጠብ ሲገደል ዱምያ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ጭፈራው ከተጨፈረ ልጄ አድጎ ደም መመለስ ይጠበቅበታል ብዬ «ከእርከን ወድቆ ነው» አልኩ፤ ያለ እንጨት ቀበርኩት። ይህ ሲከነክነኝ ኖሯል። ለአንቺ መገደሉን ነገርኩሽ እንጂ ገዳዩ የገዛ አጎቱ ልጅ አያ ፑጎንግ መሆናቸውን አልነገርኩሽም። ደሙ አብሮን ያረጀ መስሎኝ ነበር።

ዱምያ አንቺን ለማየት ከተማ ካለው ሥራው ፈቃድ ጠይቆ በዚያ ቀን እንደሚመጣ አላወቅኩም ነበር።

ቀይ ቅጠል ግንባራችሁ ላይ አስራችሁ፣ እንጨት እየመታችሁ በማሳው ድንበር ስትሰለፉ የባሌን ስም ጮክ ብለሽ ጠራሽ። አያ ፑጎንግ ተነሥተው ቤታቸው ገቡ፤ በሩንም ዘጉ። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ነበር። ዱምያ ግን አያቸው።

«እማዬ፣ ወድቆ ለሞተ ሰው እንጨት ይመታል እንዴ?»

«ለከተማ ሰው ማሳያ ነው፣ ልጄ።»

«አጎቴ ፑጎንግ ለምን ሄዱ?»

«ደክሟቸው ይሆናል።»

«የደከመው ሰው በር ይቀረቅራል? እስቲ ማይልኝ።»

አልማልኩለትም።

አንቺ በሄድሽ ማግስት የማሳውን ሣር የሚመነጥርበትን ገጀራ ይዞ ወጣ። በሩን የከፈቱለት ራሳቸው አያ ፑጎንግ ናቸው አሉ። «ግባ፣ ዘገየህ» ብለውታል ይባላል። ዱምያ አሁን እስር ቤት ነው።

ከወንዙ ማዶ የአያ ፑጎንግ ልጆች እንጨት እየጠረቡ ነው፤ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል። ነገ ፊታቸውን ወደ ቤታችን አዙረው ይጨፍራሉ። «ጣጣውን ያመጣችብን ያቺ የማኒላ ልጅ ናት» እያሉ ስምሽንም እያነሱ ነው።

ሰልፉ ሳይጀመር ወንዙን ተሻግሬ ፊታቸው እቆማለሁ። ልጅቷ የጠየቀችው ሳታውቅ ነው፤ እያወቅኩ የፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ የአባታችሁ ነፍስ የምትከተለው ሰው ካለ እኔን ትከተል እላቸዋለሁ።

አንቺ እንዳትመጪ። ያንን አንዱን ጭፈራ መድረክ ላይ ዳግመኛ አታውጪው። እሳቸው ያስተማሩሽን ሌላውን ሁሉ ግን ጨፍሪ። እግርሽ ጭቃውን ለምዶ ነበር።

አክስትሽ ማጋፒድ