እስክጨርስ የሚጠብቅ ሰው

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ

የምሠራበት መነጽር ቤት ስድስት ሌንስ ሞረድኩ። አንዱ ተሰነጠቀብኝ። ስመለስ ቲማቲም ልገዛ ገብቼ ሽንኩርት ይዤ ወጣሁ። "ቲ" ላይ ምላሴን ያዘኝ፣ ከኋላዬ ሰው ቆሟል... ሽንኩርት አላስቸገረኝም። አሁን ቤት ውስጥ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት አለ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም የምገዛው የምፈልገውን ሳይሆን አፌ የፈቀደልኝን ነው።

ጥቅምት 5

ከእጮኛዬ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ቀን ተያዘልን፤ ኅዳር 6፣ እሑድ።

መዝጋቢው ስሜን ጠየቀኝ። የገዛ ስሜን። የመጀመሪያው ፊደል ላይ ቀረሁ። ሰውዬው እኔን ትቶ እጮኛዬን አየው። "በግድ ነው እንዴ ያመጣሃት?" አለው እየሳቀ። እጮኛዬ አልሳቀም። አውቶቡስ ሲነዳ እንደሚያደርገው ፊት ለፊት ብቻ አየ።

ከዚያ ደንቡ ተነበበልን። የሚያጋባችሁን ሰው ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ እኛ ፈቃድ እንሰጠዋለን። ሁለታችሁንም ይጠይቃችኋል። ስማችሁን ጠርታችሁ "በፈቃዴ ነው" ትላላችሁ፤ በራሳችሁ አንደበት፣ ምስክር እየሰማ። ሌላ ሰው ከመለሰላችሁ ጋብቻው አይጸናም። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ መልስ ከጠፋ ይቋረጣል።

ጽፌ ብሰጥስ? ብዬ ልጠይቅ ነበር። ተውኩት... መጠየቁም መናገር ነው።

ስም ቲማቲም አይደለም። በሌላ አይቀየርም።

ጥቅምት 9

እናቴ ነገሩን ጨርሳ ጠበቀችኝ። የሚያጋባችሁ ወንድሜ ነው፣ ሌላ ማን አለ አለች።

አጎቴ። ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር። ልጆች ሳለን "ማይኩ" ነበር የምንለው፤ እሱ ያልተናገረበት ሰርግም ለቅሶም የለም። አባቴ ሲሞት እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ያመላለሰኝ እሱ ነው። ቃሌን መሙላት የጀመረውም ያኔ ነው። "ሻ..." ካልኩ ሻይ ይመጣል። ሻንጣዬን ፈልጌ የጠጣሁት ሻይ ስንት ይሆን?

ያን ቀን ስሜ ላይ ስቀር ይሞላልኛል። በደግነት። ሁለት መቶ ሰው ፊት። መዝጋቢውም ወረቀቱን ይዘጋል...



ጥቅምት 12

እጮኛዬ ወደ አንድ ሽማግሌ ወሰደኝ። ልጅ ሆኖ የተማረበት ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ። ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም፣ ግራው በግማሽ ነው። የእጮኛዬ አክስት ይህን ስትሰማ፣ አንዷ መናገር አትችል አንዱ መስማት፣ የተዋጣለት ሰርግ ነው ብላለች።

መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡኝ፣ ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ። ለምን እኔን ፈለግሽ አሉኝ። ያዘኝ። አፌን አዩ። ራሳቸውን አልነቀነቁም፣ ወለሉን አላዩም፣ አላገዙኝም። አየር ሳጣ፣ ስጀምር፣ ስደግም... ጠበቁ። ሁሉንም ተናገርኩ።

"ሰው ሁሉ ይጮህብኛል" አሉ። "ከንፈር አይቼ ነው የምሰማው፤ የሚጮህ ሰው ደግሞ ከንፈሩ ይበላሻል። ያንቺ ሁሉም ገባኝ።"

እሳቸው ናቸው። አጎቴን ማን ይነግረዋል? እናቴ እምቢ አለች። እኔው።

ጥቅምት 15፣ እሑድ

አጎቴ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነበር። ጋሼ፣ ሌላ ሰው መርጠናል። አራት ቃል ናት።

"ጋሼ፣ ሌ..."

"ሌላ ኮት ላሰፋ? ኧረ ጥቁሩ ይበቃኛል" አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ለምን ነቀነቅኩ? ስለሚቀል። ከዚያ ለሰርጉ የጻፈውን ንግግር አነበበልኝ፤ አራት ገጽ። መሀል ላይ ድምፁ ተያዘና መነጽሩን ጠረገ። መነጽሩን የሠራሁለት እኔ ነኝ።

አሁን ሁለት አጋቢ አለኝ።

ጥቅምት 20

ሁለት ሌንስ ተሰነጠቀ።

ጥቅምት 24

ለአጎቴ ጻፍኩለት፣ ሌላ ሰው መርጠናል ብዬ። አንድ ገጽ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ። ወረቀት ላይ ማንም አይቀድመኝም። በሩ ሥር አስገብቼ ሌባ ይመስል ሮጥኩ።

ጥቅምት 27

መሥሪያ ቤቴ መጣ። ደብዳቤው በእጁ ነው። የመሞረጃውን ማሽን አጠፋሁት።

"አሳፈርኩሽ እንዴ?"

"አ... አይደለም፣ ጋሼ። አንተ... ቃ... ቃሌን..."

"ቀማሁሽ" አለ። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

ልክ ነበር። ልል የነበረው ያንኑ ቃል ነው። የሚያናድደውም ልክ መሆኑ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሌንስ አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። እመጣለሁም አላለ፣ አልመጣምም አላለ። ወጣ።

ኅዳር 2

እናቴ አታናግረኝም። እሱ ካልመጣ እሷም አትመጣም።

ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ቢመጣ ደግሞ... ቢመጣና ቢሞላልኝስ? የቱን ነው ይበልጥ የምፈራው?

ኅዳር 5

መስታወት ፊት ስሜን ሃያ ጊዜ ጠራሁ። አንዴም አልያዘኝም። ብቻዬን ስሆን መቼም ይዞኝ አያውቅም። ምን ያደርጋል?

ኅዳር 7፣ ሰኞ

ትናንት ነበር።

እናቴ መጥታለች። አጎቴ ጥቁሩን ኮት ለብሶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ጥግ ይዟል። እጮኛዬ ተጠየቀ፣ መለሰ። የሱ ሁለት ሰከንድ አልፈጀም።

ዲሬክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። ጠየቁ። ያዘኝ።

እንደዚህ ይዞኝ አያውቅም። አንገቴ ደረቀ፣ ዓይኔ ጨለመ። አንድ ወንበር ተንቋቋ፣ የሆነ ሰው ሳቀ። የእጮኛዬ አክስት ትመስለኛለች። መዝጋቢው ሰዓቱን አየና ለዲሬክተሩ "ይድገሙላት" አለ። አልሰሙትም ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ዓይናቸው አፌ ላይ ነው። በትከሻቸው በኩል ሦስተኛው ረድፍ ታየኝ። የአጎቴ አፍ ተከፍቷል፣ ስሜ ከንፈሩ ላይ ነው። አለቀልኝ አልኩ። መሀረቡን አወጣና አፉ ውስጥ ጠቀጠቀው።

ስሜን ጠራሁ። ተቆራርጦ፣ እንደ አሮጌ ሞተር። "በፈቃዴ ነው" አልኩ። ይህቺኛዋ ቃል ደግሞ ሳትያዝ ወጣች።

"ሰምቻለሁ" አሉ ዲሬክተሩ። መዝጋቢው ጻፈ።

ምን ያህል ቆየሁ ብዬ ባሌን ጠየቅኩት። ሁለት ፌርማታ ያህል አለኝ።

ከዚያ ሰው ተሰልፎ ሳመን። አጎቴ የመጨረሻው ነበር። መሀረቡን በእጁ ጨብጦታል። "እን..." አለ። አገጩ ተንቀጠቀጠ። "እን... እንኳ..." አልወጣለትም። ያ ሁሉ ንግግር አዋቂ።

የቀረውን አውቀው ነበር። አልሞላሁለትም። አፉን እያየሁ ጠበቅኩት።