ለቅዳሜ ይደርሳል

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

የገበያ ቀን። ልብሱን ፍለጋ አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ የደረሰለት ሁለት። ለዘጠኙ ምን አልኩ? ያው፣ «ለቅዳሜ ይደርሳል»። ባለፈው ቅዳሜም ይህንኑ ብዬ ነበር። አንዱ «የትኛው ቅዳሜ?» ቢለኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም...

ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ልብስ ያዘዙኝ ወይዘሮ ዘነበች ከእብናት ድረስ መጡ። ገና ከሩቅ ሳያቸው በጓሮ በር ወጣሁ። ከትልቅ ሰው ሸሸሁ! ስልኬንም ካጠፋሁ ሦስት ቀኔ። ልብስ ሰፊ ነኝ ወይስ ሽፍታ?

ይሄን የምጽፈው በልኬት ደብተሬ ጀርባ ነው። ለማን እነግረዋለሁ?

ታኅሣሥ 13

ሚስቴ ደሳለች ሳጥኗን ከፍታ ጨርቋን አወጣች። ጥጡን ራሷ ፈትላ ሸማኔ የሠራላት ነው። «እሰፋልሻለሁ» ካልኳት ሦስት ዓመት ሆነ።

«የእህቴ ልጅ ሰርግ ጥር 18 ገሳይ ከተማ ነው። ቀሚሱ ካልደረሰ አሞኛል ብዬ እቀራለሁ።»

«ኧረ ደሱ...»

«የልብስ ሰፊ ሚስት በዚያ ባረጀ ቀሚስ? አልሄድም፣ አድማሱ።»

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ሙሽራዋን እኮ በልጅነቷ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። «ለቅዳሜ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ታኅሣሥ 14

ሱቁን ሳልከፍት ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ልብስ። ቢበዛ ቢበዛ በቀን አንድ ነው የምጨርሰው። ሃያ ሦስቱንም ለዚህ ቅዳሜ ብያለሁ! በአምስት ቀን... ማንን ነው የማታልለው?

ጻፍኩ፦ የደሳለች ቀሚስ ጥር 16 ያልቃል። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት የሷ ነው፣ ደንበኛ አይነካውም። ለማይደርስ ልብስ «አይደርስም» እላለሁ።

ይቺን ማለት ለምን እንዲህ ከበደኝ?

ታኅሣሥ 15

ውርጩ ጣት ያደነዝዛል። ቢሆንም የደሳለችን ጨርቅ ለክቼ ቆረጥኩ። ከዚያ ስልኬን ከፈትኩ፤ ወዲያው ጮኸ። ወይዘሮ ዘነበች! እንደምንም አነሳሁት።

«ለቅዳሜ አይደርስም፣ እማማ። ከጥር 8 በፊት አልችልም። ዋሽቼዎታለሁ። ያን ዕለትም በጓሮ የወጣሁት አንቱን ሸሽቼ ነው።»

በቃ፣ ረገሙኝ አልኩ። ከዚያ ሳቅ!

«ጀርባህን አይቼዋለሁ እኮ! ግድ የለም ልጄ፣ የልጅ ልጄ ክርስትና ጥር 20 ነው።»

«ታኅሣሥ 20 አላሉኝም?»

«እና ምን ልበልህ? ልብስ ሰፊ ወር ካልቀነሱለት መቼ ይነሳል?»

ታኅሣሥ 17

ለሁሉም ደወልኩ። «እውነተኛው ቀን መቼ ነው?» አልኩ። መጀመሪያ ይንተባተባሉ፣ ከዚያ ያምናሉ። አሥራ አራቱ ቀንሰውልኛል! አንዱ ሁለት ሳምንት፣ አንዷ ወር ተኩል። ሁለቱ ተቆጥተው ጨርቃቸውን ወሰዱ። እውነታቸውን ነው። ዲያቆን ምሕረትአብ ግን ሳቀብኝ፦ «እኔ ጥምቀትን ወዴት አዛውረዋለሁ?»

እኔ ወደ ፊት ስገፋ እነሱ ወደ ኋላ ሲስቡ... ስንት ዓመት! የሁሉንም ቀን ደርድሬ ጻፍኩ። ይደርሳል። እፎይ! ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳዬን ተቀምጬ በላሁ።

ጥር 1

የጓሮው በር ላይ የጨርቅ መደርደሪያ አስደገፍኩ። አያስፈልገኝም።

ጥር 9

የዲያቆኑ ቀሚስ ከከተራ በፊት ወጣ። ገልብጦ ገልብጦ አየው። «ዛሬ አርብ እኮ ነው! ቅዳሜ እንኳ አልደረሰም» አለኝ።

ጥር 16

አለቀ! የአንገቱ ጥልፍ ዓይኔን ሊያጠፋው ነበር፣ ግን አለቀ። ተኩሼ፣ አጥፌ ወሰድኩላት። ለበሰችው። ከዚያ ከሳጥኗ ሥር የሰርጉን የጥሪ ካርድ አወጣች። ጥር 25 ይላል...

«ለእኔም ቀነስሽ?»

«ሦስት ዓመት ጠበቅሁ እኮ፣ አድማሱ።»

አመመኝ። የሰርጉን ቀን ከሌላ ሰው እንኳ አልጠየቅሁም። መቼ ጊዜ ነበረኝ?

ቀሚሱ ግን ልክክ ብሎላታል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ጥር 26

ከገሳይ ተመለስን። ሙሽራዋ ጥልፉን ዳብሳ «ማን ሰፋልሽ?» ስትላት፣ «ባሌ ነዋ!» ስትል ሰማሁ። ሦስት ሰው ጠየቃት፤ ሦስቴ እንደዚያው አለች። እኔ ወደ ሌላ ያየሁ መሰልኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ፣ «እናቴ የካቲት 8 እኛ ጋ ትመጣለች። አንድ ቀሚስ ብትሰፋላት...» አለችኝ።

«ስንት ቀን ቀነስሽበት?»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ምንም።»

ደብተሬን አወጣሁ። መኪናው ቢያንገጫግጨኝም ጻፍኩት፦ የካቲት 8፣ የደሳለች እናት።