እናታችንን የረታሁበት ክርክር

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ዶልከር፣

እንደምን ከርመሻል? የዴልሂ ሙቀት ጋብ አለልሽ ወይ? ወገብሽስ? ባልሽ ናምጋይል፣ ትንሿ ያንግዶልስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከብቱም ደህና ነው። እናታችን ግን ደህና ናት ብዬ ልዋሽሽ አልችልም።

የግራ ዓይኗ ከጠፋ ሰነበተ፤ አሁን ቀኙም እየተከተለው ነው። ሌህ ከተማ ያለው ሐኪም በረዶው መንገዱን ሳይዘጋ ከወሰድኳት ቀኙን ማትረፍ እንደሚችል ነግሮኛል። ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው የቀረን። እሷ ግን «ምንጩ ውስጥ የበግ ፀጉር ስላጠብኩ የምንጩ ጌታ የሆነው መንፈስ ተቆጥቶብኝ ነው፣ ወተት ባፈስለት ይታረቀኛል» ባይ ናት።

አሥራ አራት ዓመት ገዳም የተማርኩት ክርክር ነው። እንደ ገዳሙ የክርክር ወግ አጨብጭቤ በጥያቄ የያዝኩት መነኩሴ ማምለጫ የለውም። እናቴማ አታቅተኝም ብዬ መጣሁ። «ጎረቤታችን አንግሞም እዚያው አጥባለች፤ እስከ ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ታዲያ አንቺን ብቻ ለምን ለየሽ?» አልኳት። አሰብ አደረገችና «ልክ ነህ ልጄ፣ ረታኸኝ» አለች። ደስ አለኝ። በማግስቱ ወተቷን ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች።

በየቀኑ እንዲሁ ነው። እኔ እረታለሁ፣ እሷ ትስማማለች፣ ወተቱ ይፈሳል። ይባስ ብላ ለአንግሞ «ዛሬም አፌን አስያዘኝ» እያለች ትኮራብኛለች። እኔንም «ገዳም የላክንህ ጸሎት ልትማር ነው ወይስ እናትህን ልትረታ?» ትለኛለች። ስትስቅ እኔ ማልቀስ ያምረኛል።

ትናንት ክርክሩን ትቼ ምን እንደምትፈራ ጠየቅኳት። «አባትህ ሆስፒታል የገባው በእግሩ ነው። የወጣው በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። የተቀበልኩት ብቻዬን ነው። አንተ ያን ቀን የት ነበርክ?» አለችኝ። የክርክር ፈተና ላይ ነበርኩ፣ እትዬ። አንደኛ ወጥቼ ነጭ ሻርፕ አንገቴ ላይ ያጠለቁልኝ ያን ቀን ነው።

አንቺ ብትመጪ ትሰማሽ ይሆን? ምን ብለሽ እንደምታሳምኛት አላውቅም። እኔ ያለኝን ሁሉ ጨርሻለሁ።

ናምጋይልን ሰላም በይልኝ፤ ያንግዶልን ጉንጯን ሳሚልኝ። አንግሞንም ናፍቀሻታል። እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ «ዓይኔ ተሽሎኛል፣ አታስቢ ብለህ ጻፍላት» አለችኝ፤ ጻፍኩ። ወረቀቱን ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችና «ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል» አለች። የያዘችው ያልተጻፈበትን ገጽ ነበር።

ወንድምሽ ቱፕተን
ዛንስካር፣ ጥቅምት 9 ቀን