ብረቱ ሲቀዘቅዝ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስካሁን አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም፤ ስትቀበር ስላላየሁ መሞትህን አላመንኩም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን አየሁህ።

እዚህ መርሳ ከተማችን መብራት ተመልሶ መጥቷል። በጦርነቱ የተበሳሳው ጣሪያችን ተቀይሯል። የተከልከው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ፤ ይጣፍጣል። ወዳጅህ ጋሼ እንድሪስ ዛሬም መንገድ ዳር ማረሻ ይቀጠቅጣሉ፤ አንተ የምትቀመጥበት ድንጋይ ላይ ግን ማንንም አያስቀምጡም።

ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ ተከራከራችሁ፤ አንተ መሪጌታ፣ እሳቸው ሰላታቸውን የማያጓድሉ እስላም። ሥጋ አብራችሁ ስለማትበሉ ሁልጊዜ ሽሮ ይዤላችሁ እመጣ ነበር፤ እናንተ ስትጨቃጨቁ ሽሮው ይቀዘቅዛል፣ እኔም እናደዳለሁ። እሳቸው ስለ ክርስቶስ ስቅለት አንስተው "ፈጣሪ ከሞተ ዓለሙን ማን ያዘው? የሞተው ሰው ብቻ ከሆነስ ለምን ትሰግዱለታላችሁ?" ይሉሃል። አንተ ከፍም ውስጥ የጋለውን ማረሻ ታሳያቸዋለህ። ብረቱና እሳቱ አንድ ሆነዋል፤ ግን ብረቱ ብረትነቱን አልተወም፣ እሳቱም እሳትነቱን። መዶሻው ሲያርፍበት የሚጣመመው ብረቱ ነው፤ እሳቱን ምንም አያገኘውም። የክርስቶስ መለኮትና ትስብእት፣ አምላክነቱና ሰውነቱም፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት እንዲሁ ተዋሕደዋል ትላለህ።

ጦርነቱ ሲደርስ እኔ ልጆቼን ይዤ ደሴ ሸሸሁ፤ አንተ ቤተ ክርስቲያኑን ትቼ አልሄድም አልክ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ በዚያ ሰሞን ነው ጋሼ እንድሪስ "ብረቱ ሲቀዘቅዝስ እሳቱ የት ይሄዳል?" ያሉህ። መልስ አጣህ። "እስከ ነገ ጊዜ ስጠኝ" ብለሃቸው ሄድክ። በማግስቱ ጠዋት ዳዊትህን ይዘህ፣ "አገኘሁት እንድሪስ!" እያልክ አስፋልቱን ስትሻገር ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ምን እንዳገኘህ ማንም ሳይሰማ ቀረ።

በተኩሱ ምክንያት ወደ ቤተ ክርስቲያን መውጣት ስላልተቻለ ጋሼ እንድሪስ ጓሯቸው ውስጥ ቀበሩህ። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር እኔ የሰማሁት አርባህ ካለፈ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ካህናቱ አጽምህን ወደ ቤተ ክርስቲያን ለማዛወር መቃብሩን ከፈቱ። በቀኝ ጎንህ ተጋድመሃል፤ ፊትህ እስላሞች ሲሰግዱ ወደሚዞሩበት፣ ወደ ቂብላ ዞሯል። ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ወጣት ቄስ ፊቱ ጠቆረ። ጋሼ እንድሪስ ወዛቸው ጠፋ። "ወላሂ መሪጌታን ላሰልም ብዬ አይደለም! አባቴንም ልጄንም ያስተኛሁት እንዲህ ነው፤ እጄ ሌላ አያውቅም" ብለው አለቀሱ። የነፍስ አባትህ ግን "ይምጡ፣ በእግሩ በኩል ይያዙልን" አሏቸው። በአዲሱ መቃብር ወደ ምሥራቅ አዙረው ያሳረፉህ ጋሼ እንድሪስም ጭምር ናቸው።

ስንመለስ ዳዊትህን በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ሰጡኝ። የሰው ቅዱስ መጽሐፍ ነው ብለው አንድም ቀን አልገለጡትም። ውስጡ በእጅህ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ፦

"እንድሪስ ረታኝ። ብረት ይቀዘቅዛል፤ መለኮት ግን በመቃብርም ከሥጋው አልተለየም። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያንሳል። እምነቴ ያው ነው። ቶሎ ሄጄ ልንገረው።"

አባዬ፣ በዚያ ተኩስ መሃል የሮጥከው መረታትህን ልትነግራቸው ነው? እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ ልታሸንፋቸው መስሎኝ ነበር! ተኩሱ ጋብ እስኪል ብትቆይ ምን ነበረበት? ተናደድኩብህ፤ እያለቀስኩ ተናደድኩብህ።

ወረቀቱን አነበብኩላቸው። መዶሻቸውን አስቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋይህ ላይ ተቀመጡ። "ጥያቄዬ ገደለው እያልኩ ነው የከረምኩት" አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉና "እንግዲህ የተሻለ ምሳሌ አንቺ ፈልጊ፤ መሪጌታ ተረትቶ አይቀርም" አሉ።

አባዬ፣ አንተንም ጥያቄያቸውንም አልረሳም። ነገ ሽሮ ይዤ እሄዳለሁ፤ እስከ ነገ ጊዜ ይስጡኝ ብያቸዋለሁ።

ልጅህ ዘነቡ