የሮም ውድቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.
በእናንተ ኦክቶበር 18 ቀን 1986

ለምወድሽ ልጄ ለፅጌ፤

«አባዬ፣ ሮም የወደቀችው በ469 ነው ብለኸኝ ቴስቱ ላይ 469 ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፉ 476 ይላል። ሦስቱንም ዓመት ተሳሳትኩ። ኤፍ አገኘሁ፣ ክላሱ በሙሉ ሳቀብኝ። ከእንግዲህ ሄልፕ አታድርገኝ። ቅዳሜም ቤታችን አትምጣ።»

በኋላ «እንዲህ አላልኩም» እንዳትይ ከደብዳቤሽ ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ። ለመሆኑ እንደምን አለሽ? እኔ ከንዴቱ በቀር ደህና ነኝ። በአማርኛ ሳናግርሽ በእንግሊዝኛ የምትመልሺ ልጅ፣ ልታባርሪኝ ስትፈልጊ በአማርኛ ጻፍሽ። የፊደል ግድፈት ፈልጌ አንድም አጣሁ። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ዓመቶቹን ሦስት ጊዜ መረመርኳቸው። ዲዮቅልጥያኖስ የነገሠው በ277 ነው። ቆስጠንጢኖስ ለክርስቲያኖች ነፃነት የሰጠው በ305። የመጨረሻው የምዕራብ ሮም ንጉሥ ከዙፋኑ የወረደው መስከረም 7 ቀን 469፤ የእንቁጣጣሽ አበባ ገና ሳይጠወልግ። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ በአገራችን አቆጣጠር። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ታሪክ ሳስተምር የፈረንጁን ዓመት በሐሳቤ እየቀነስኩ ነበር የምናገረው። ለአንቺም እንደ ልማዴ ቀንሼ ነገርኩሽ። ስለዚህ ስህተት የለም። የጎደለ ማብራሪያ አለ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ፣ ሰኞ፣ ሴቨን ኮርነርስ ቁልፍ የምቀርጽበት ሱቅ ስገባ ባልደረባዬ ገላው ፊቴን አየና፣

«ጋሼ፣ ማን ሞተ?» አለኝ።

«ሮም።»

«ምነው፣ እሷ ድሮ አልሞተችም እንዴ?»

«ጭቅጭቁ እሱ ላይ ነው። እኔ ሰባት ዓመት አስቀድሜ ገደልኳት።»

«ታዲያ ማን ተጎዳ?»

«ፅጌ» አልኩት። የዚያን ዕለት አራት ቁልፍ አበላሸሁ። ቁልፍ ለፀጉር ያህል ከሳተ በር አይከፍትም፤ እኔ ደግሞ የሳትኩት በሰባት ዓመት ነው።

ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ ትምህርት ቤትሽ ሄድኩ። አዎ፣ ሳልነግርሽ። ያሰብኩት የታሪክ አስተማሪሽን ሚስተር ኮልማንን ላፋጥጠው ነበር። ሜትሮ ባቡር ውስጥ ንግግሬን ስለማመድ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ተነስተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ።

አስተማሪሽ ግን ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ዓመቶቹን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩለት። ቆም ብሎ አያቸውና፣ «ሁለቱ በሰባት ይለያያሉ፣ አንዱ ግን በስምንት። ለምን?» አለኝ። ፅጌ፣ አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም! የቆስጠንጢኖስ ነገር የተፈጸመው በየካቲት ነው፤ የእኛ ዓመት የሚለወጠው በመስከረም ነው፤ ስለዚህ ስምንት። ይህን ሳስረዳ ከደስታዬ የተነሣ ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።

«እንግዲያው ውጤቷን አስተካክላለሁ» አለኝ።

ከለከልኩት። «ጥያቄው የቀረበው በእናንተ አቆጣጠር ነው። ልጅቷ የተነገራትን በትክክል ጽፋለች። ኤፉ የሚገባው ለነገራት ሰው ነው፤ በእኔ ስም ይመዝገብልኝ» አልኩት። ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። እንደገና ትፈተን አለ። ቀጥሎም፣ «ሰኞ ኦክቶበር 27 መጥተው ይህንኑ ለክላሱ ያስረዱልናል?» ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አላልኩትም። ልጄን ላማክር አልኩት።

ለእናትሽ ስልክ ደውዬ አጫወትኳት። «ወንድይራድ፣ አንተ ሰባት ዓመት ወደኋላ እንደምትኖር እኔ መች ጠፋኝ!» ብላ ሳቀች። የእታለማሁን ሳቅ ከሰማሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ በየትኛውም አቆጣጠር። እኔም ሳቅኩ። ይህን ለእሷ መንገር አያስፈልግም፤ ሰምታኛለች።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። በዚህ ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወጥ ቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ለቴስቱ ስንቻኮል የዘለልነውን ቄሳርን ልነግርሽ ነበር። ቄሳር ሩቢኮን የምትባል ትንሽ ወንዝ ዳር ቆመ። ጦር ይዞ እንዳይሻገር የሮም ሕግ ይከለክለው ነበር። ማንንም ሳያስፈቅድ ተሻገረ፤ ከዚያ በኋላ ሮም የቀድሞዋ ሮም አልሆነችም። እኔ ወደ አንቺ ስመጣ የምሻገረው የፖቶማክ ወንዝ ከሩቢኮን እጅግ ይሰፋል። ማክሰኞ ሳላስፈቅድሽ ተሻግሬዋለሁ፤ እሱን አምናለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም።

እግዚአብሔር ዕውቀትሽን ያብዛልሽ፤ የሚስቁብሽንም አብረውሽ የሚስቁ ያድርግልሽ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የፊታችን ቅዳሜ ቤታችሁ፣ ሰኞም ክላስሽ ልምጣ ወይስ አልምጣ፣ እስከ ዓርብ ኦክቶበር 24 ቀን በእጄ የሚገባ የጽሑፍ መልስ እጠይቃለሁ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም። አድራሻዬ የተጻፈበትና ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ አብሬ ልኬያለሁ። ብዙ መጻፍ አይጠበቅብሽም። «ተሻገር» ካልሽኝ ይበቃል።

አባትሽ
ወንድይራድ