አሥር የሽምብራ ፍሬ፦ የመምህርት እንኳየሁ ገብረ ኢየሱስ የሕይወት ታሪክ

መምህርት እንኳየሁ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ መንበረ ቢያድግልኝ መስከረም 4 ቀን 1943 ዓ.ም. ጠዳ ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ዘንድ ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን ጎንደር ተከታትለው በ1963 ዓ.ም. በመምህርነት ተመረቁ። ኮላ ድባ ሒሳብ ሲያስተምሩ ቆይተው በ1966 ዓ.ም. የጎንደር ፒያሳውን ልብስ ሰፊ አቶ አላምረው ክንዱን አግብተው ወንዴን፣ ትዕግስትንና መዝሙርን ወልደዋል።

ሒሳብን ከጥቁር ሰሌዳ አውርደው ሽምግልና ውስጥ ያስገቡ ሰው ነበሩ። ወራሾች ሲጣሉ ለእያንዳንዱ አሥር የሽምብራ ፍሬ ይሰጡና አብልጦ በሚፈልገው ንብረት ላይ አብዝቶ እንዲያኖር ያዛሉ። ብዙ ፍሬ ያኖረ ይወስዳል። ጯሂውም ዝምተኛውም እኩል አሥር ስላለው ለጉልበተኛ አያደላም ይሉ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ የጠዳውን ውርስ ለወንድምና ለእህታቸው በዚሁ መንገድ አካፈሉ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ቢያዝን አሥሩንም ፍሬ ቤቱ ላይ ከመሩ። በዚያ ቤት አባታቸውን ስድስት ዓመት ያስታመሙት ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ውቢት ግን ስግብግብ እንዳይባሉ ፈርተው ሁለት እዚህ፣ ሁለት እዚያ፣ ሙቀጫው ላይ ሳይቀር ሁለት እያሉ በተኑት። ቤቱ ለወንድማቸው ሆነ፤ በዓመቱም ተሸጠ። መምህርት እንኳየሁ እህታቸውን የተሸጠውን ቤት አጥር ይዘው ሲያለቅሱ አገኟቸው። “ፍሬውን ቆጠርኩ፤ እህቴን አልጠየቅኋትም” እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ይቆጩ ነበር። ከዚያ ወዲህ “ይሄ ቢቀርብህ ምን ትሆናለህ?” ሳይሉ አካፍለው አያውቁም።

አምና ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ሲይዙ የት ይቀበሩ የሚለው አነጋገረ። ልጆቻቸው በ2009 ዓ.ም. ጎንደር ከተቀበሩት ከባለቤታቸው ጎን ሊያሳርፏቸው ፈለጉ፤ ወይዘሮ ውቢት ጠዳ አሉ። መምህርት እንኳየሁ ትራስ ተደግፈው ሽምብራ አስመጡ። ሦስቱ ልጆች ሠላሳ ፍሬ ለጎንደር አኖሩ። ወይዘሮ ውቢት በዚህ ጊዜ አልበተኑም፤ አሥሩንም ለጠዳ ሰጡ። ከዚያ ጥያቄያቸው መጣ። ልጆቹ ቢያዝኑም ጠዳ በመኪና ቅርብ መሆኑን ተናገሩ። ወይዘሮ ውቢት፣ “በዚህ ጉልበቴ ጎንደር አልደርስ። አጠገቤ ብትሆኚልኝ፣ እታለም፣ ያ ቤት እንደተመለሰልኝ እቆጥረዋለሁ” አሉ።

መምህርት እንኳየሁ ፍሬውን ሰብስበው፣ “አላምረው መጠበቅ ለምዷል፤ ከሽምግልና እስክመለስ ሲጠብቀኝ ነው የኖረ” አሉ። ስታለቅስ የነበረችው ትዕግስት እንኳ ሳቀች።

ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆች እንዲሁም ወንድምና እህታቸውን ትተዋል። ዛሬ ጠዳ የተሰበሰብነው ሠላሳ ከአሥር እንደሚበልጥ ጠፍቶን አይደለም። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ የወይዘሮ ውቢትንም ጉልበት ያጽናልን፤ መቃብሩ ከደጃቸው ሃያ እርምጃ ነው።