ሰው የሌለው ጫማ ሰፊ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ዳገቱን ያስወጣዎታል? ያ ሳል ለቀቀዎት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬ የሥራ ልብሴ እምቢ ብሎኛል።

ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔው ይስሙና ይቆጡኝ።

በምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አንሶላ የምናጥፈው ሁለት ሁለት ሆነን ነው። የአገሩ ጥቁር ሴቶች በእጥፋቱ ልክ ይዘፍናሉ። መጀመሪያ ሰሞን ቋንቋው ሳይገባኝ የደስታ ዘፈን መስሎኝ ትከሻዬን ሰበቅሁበት። ሴቶቹ ዘፈኑን አቋረጡ። አብረውኝ የሚያጥፉት አሮጊት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ዘፈኑ የሰው ስም ነው። እሳቸው ገና በእቅፍ ሳሉ፣ በጥቁርነታቸው ምክንያት ሰፈራቸው ሆን ተብሎ ተቃጥሎ በአንድ ቀን ያለቁ ሰዎች ስም። ማዘጋጃ ቤቱ እስከ ዛሬ «እሳት ተነሥቶ ነበር» ከማለት አላለፈም። ስለዚህ በየዓመቱ በዚያ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው ይዘፍኑታል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሟች ያነሣል። እፍረቴን አይጠይቁኝ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

አንድ ጫማ ሰፊ ግን ከነሚስቱ ከነልጆቹ አልቆ፣ ስሙን የሚያነሣለት ዘመድ አልቀረም። እማማ ያን ቀን ከሞቱት ከአባታቸው ስም ጋር ደርበው ሲያነሡት ኖረዋል። ዘንድሮ ድምፃቸው ተዘጋ። አንሶላውን ጫፍ ለጫፍ ልናገናኝ ስንጠጋ፣ «ሁለት መሸከም አቃተኝ፤ አንዱን ያዢልኝ» አሉኝ።

አለቃችን ደግሞ እዚያ በር ላይ የታየ ሰው ውሉ እንደማይታደስለት ተናግሮ ነበር። የእኔ ውል የሚያልቀው በዚህ ወር ነው። እርስዎም ሲሸኙኝ በሰው አገር አንገትሽን ደፍተሽ ኑሪ ብለውኛል። ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። የማላውቀው ሰው ምኔ ነው ብዬ ልተወውም ነበር። ግን እኔስ እዚህ ብወድቅ ስሜን የሚያውቀው ማን ነው? እነዚያው ሴቶች አይደሉም?

ሄድሁ። ተራው ሲደርስ ስሙን አነሣሁት። አጥርቼ ባልጠራውም ሁሉም ተቀበሉኝ። አለቃችን ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አይቶኛል። ውሉን እስካሁን አላስፈረመኝም፤ የሚያስፈርመኝም አይመስለኝም። ፈርቻለሁ አባቴ፤ ግን አልተጸጸትሁም።

እናቴን ጉልበትሽን ስማለች ይበሉልኝ። ወንድሜ ፎቶውን ይላክልኝ፤ ጢም አበቀለ አሉ፣ እስካላየሁ አላምንም። ትንሿ እህቴ በትምህርቷ እንዳታላግጥ። ለአያቴ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። በጸሎቷ የሞቱብንን ስትጠራ፣ ያንን ሰውም ትጨምርልኝ። ስሙን በትልቁ ጽፌ በሌላ ወረቀት ልኬላታለሁ። ምላሷ ላይ ካስቸገራት ጫማ ሰፊው ትበለው፤ እግዜር ያውቀዋል።

ልጅዎ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፪ ቀን